ቁጥሩ የሚመጣው በደምሌ ስልክ ነው

ተረቴ በረት የለውም፤ ላምም የለበትም። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ሳንዱቅ እና አንዲት እናት አሉበት። ሰንሰለት ስለሆነ ቀለበት እንዳይጠፋብኝ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

ደሴ ውስጥ ደብሪቱ የምትባል እናት ነበረች። ባሏ ይመር ይባላል፤ ጡረተኛ ነው። አንድ ልጃቸው ደምሌ ከሚስቱ ከዘርፌ ጋር እዚያው ግቢ ይኖራል። ደብሪቱ ማታ ማታ አንድ ድራማ ታያለች። ናርሚን የምትባል ልጅ ከእናቷ ተነጥቃ በሰው አገር ትንከራተታለች፤ ድራማው የውጭ ቢሆንም ንግግሩ በአማርኛ ነው። ናርሚን ስትራብ ደብሪቱ ይርባታል፤ ናርሚን ዝናብ ሲመታት ደብሪቱ ጋቢ ትደርባለች።

ያን ጊዜ ጣሪያው ላይ በየወሩ የሚከፈልበት ዲሽ ነበር። ሳይከፈል ወሩ ካለቀ ቴሌቪዥኑ ይጠቁራል፤ ደብሪቱም ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ቀን ደምሌ፣

“እማ፣ ለመቶ ጣቢያ እንከፍላለን፤ አንቺ የምታይው አንዱን ነው። ኢንተርኔቱን እንደሆነ ለቤቱ ቀድሞም እንከፍላለን። ድራማሽ በእሱ ይምጣ፤ የዲሹ ወጪ ይቅርልን” አላት።

“ወደ ሰማይ የማያይ ቴሌቪዥን ከየት ያመጣል?” አለች ደብሪቱ።

“ዲሽ እንደሆነ አይጠብቅሽም፤ እንቅልፍ ከጣለሽ ድራማው ጥሎሽ ይሄዳል። ይኼኛው ግን ይጠብቅሻል። ያቆምሽበት ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል።”

ዲሽ ሠሪው ኑርዬ መጣ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ዲሹን አወረደ። “እትዬ ደብሪቱ፣ ዲሽ ስተክል እልል ይሉልኛል፤ ስነቅልም እልል በሉልኝ እንጂ!” አለ። ደብሪቱ ሳቀችና እልል አለችለት። ዲሹ ግቢው ውስጥ ተንጋለለ፤ ዘርፌ አጥባ በርበሬ አሰጣችበት።

ደምሌም እንዳለው ሆነ። ደብሪቱ ስታንቀላፋ ደምሌ ድራማውን ያቆማል፤ በማግስቱ ከዚያው ይቀጥላል። የመጨረሻው ክፍል የመጣ ዕለት ግን ደብሪቱ ገና በጊዜ እንቅልፍ ጣላት። ጠዋት ደምሌ ጫማውን እያሰረ፣ “እማ፣ ናርሚን የእናቷ በር ላይ ደርሳለች። ልታንኳኳ እጇን አንስታለች። እዚያ ላይ አቁሜልሻለሁ፤ ማታ አብረን እናንኳኳለን” አላት።

ለሥራ ኮምቦልቻ ወረደ። ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። ማታ አልመጣም።

ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ይመር ነቀለው፣ ነጠላ አለበሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ደብሪቱ ከቀብር ተመልሳ የልጇን ልብስ፣ ጫማውን፣ ስልኩን ሳይቀር ሳንዱቅ ውስጥ ከተተች። ቁልፉን ዘርፌ አንገት ላይ፣ ከማተቧ ጋር አሰረችው። “አርባው ሳይወጣ ይህን ሳንዱቅ የከፈተ በሥላሴ ስም የተገዘተ ይሁን!” አለች። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም፤ እህልም አልቀመሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትተኛለች። ዘርፌ አጥሚት ታመጣለች፤ አጥሚቱ ቆዳ እስኪያወጣ ይቀዘቅዛል፤ ዘርፌ መልሳ ትወስዳለች። ጎረቤትም ሆነ ዘመድ፣ ቢለምንም ቢቆጣም፣ ውሃ ብቻ ነው የምትጎነጨው። እግሯ መቆም እያቃተው ሄደ።

አንድ ጠዋት ግን ከግድግዳው ዞር አለችና፣

“ያቺ ልጅ ገባች?” አለች።

“የትኛዋ ልጅ?” አለ ይመር።

“ናርሚን። መጨረሻውን ልየው።”

ከቀብር ወዲህ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው። ይመር ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙት። “አርባው ሳይወጣ ቴሌቪዥን ከፈቱ” ይሉናል ብሎ ሰጋ። መስኮቱን ዘጋ፣ መጋረጃውን ሳበ፣ የዘጋው መስኮት መዘጋቱን እንደገና አየ። ከዚያ ነጠላውን ገፈፈና ቴሌቪዥኑን ሰካ።

ቴሌቪዥኑ፣ “ብዙ ጊዜ ፊቴን አዞራችሁት፤ ማን እንደሆናችሁ ረስቻለሁ። ቁጥር ካልሰጣችሁኝ ልጅቷን አላሳይም” አለ። ቴሌቪዥኑ ልጅቷን አላሳይም አለ፤ ደብሪቱም እህል አልቀምስም አለች።

ይመር ኑርዬን ጠራው። ኑርዬ የተጻፈውን አነበበ፣ ራሱን አከከ።

“ጋሼ፣ የይለፍ ቁጥር ነው የሚጠይቀው። ቁጥሩ የሚመጣው ደግሞ በደምሌ ስልክ ነው።”

“በእኔ ስልክ ይምጣ።”

“እርስዎን አያውቅዎትም።”

“ቴሌቪዥኑን የገዛሁት እኔ ነኝ እኮ!”

“እሱ ገዢ አያውቅም ጋሼ፤ የሚያውቀው የተመዘገበውን ነው።”

“እንግዲያው ዲሹን መልሰህ ትከልልኝ።”

ኑርዬ በበሩ አሻግሮ በርበሬ የተሰጣበትን ዲሽ አየ። “ብተክለውስ? ዲሽ የሚያመጣው የዛሬን ነው። ያለፈውን አያመጣም” አለ፤ ወዲያው በተናገረው ነገር አፍሮ አንገቱን ደፋ።

ቁጥሩ ያለ ስልኩ አልመጣም አለ፣ ቴሌቪዥኑ ልጅቷን አላሳይም አለ፤ ደብሪቱም እህል አልቀምስም አለች።

ይመር ሳንዱቁ አጠገብ ተንበረከከ። “ስልክ ሆይ፣ የልጄ ስልክ፣ እባክህ ውጣ” አለ። ስልኩም፣ “ከጫማውና ከሹራቡ ጋር ጨለማ ውስጥ ተኝቻለሁ። ሳንዱቁ ሳይከፈት በየት ልውጣ?” አለ። ስልኩ ከሳንዱቅ አልወጣም አለ፣ ቁጥሩ ያለ ስልኩ አልመጣም አለ፣ ቴሌቪዥኑ ልጅቷን አላሳይም አለ፤ ደብሪቱም እህል አልቀምስም አለች።

ሳንዱቁን ቢገፋው፣ “እኔ የታዘዝኩትን ይዣለሁ፤ ቁልፌን አምጣ” አለ። ሳንዱቁ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ስልኩ ከሳንዱቅ አልወጣም አለ፣ ቁጥሩ ያለ ስልኩ አልመጣም አለ፣ ቴሌቪዥኑ ልጅቷን አላሳይም አለ፤ ደብሪቱም እህል አልቀምስም አለች።

ቁልፉም ዘርፌ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ፣ “ማተብ ላይ የታሰረ በዋዛ አይፈታም” አለ። ይመር ጓዳ ገባ። ዘርፌ የቀዘቀዘውን አጥሚት መልሳ ታሞቃለች።

“ዘርፊቱ ልጄ፣ ቁልፉን ስጪኝ።”

“አባባ፣ እርስዎም ሰምተዋል፤ እናቴ ገዝታለች። ግዝት ጥሼ ሌላ መዓት ልጥራ? የቀረን ምን አለና?”

“እህል እንድትቀምስ ነው እኮ።”

“እኔስ አላውቅም? ማን ነው አጥሚቱን የሚያመላልሰው?” ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። “የነፍስ አባታችን ይፍቱኝ፤ ያን ጊዜ እሰጥዎታለሁ።”

ቀለበት ሳልዘል ልድገመው። ዘርፌ ግዝት አልጥስም አለች፣ ቁልፉ ከአንገቷ አልወርድም አለ፣ ሳንዱቁ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ስልኩ ከሳንዱቅ አልወጣም አለ፣ ቁጥሩ ያለ ስልኩ አልመጣም አለ፣ ቴሌቪዥኑ ልጅቷን አላሳይም አለ፤ ደብሪቱም እህል አልቀምስም አለች።

ይመር ዱላውን ይዞ መምሬ ላቀው ቤት ወጣ። መምሬ የቤተሰቡ የነፍስ አባት ናቸው፤ ደምሌን ክርስትና ያነሱትም የቀበሩትም እሳቸው ናቸው። ይመር ነገሩን ሲነግራቸው ቴሌቪዥን የሚለውን ቃል ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

“ጮክ በል፤ ጆሮዬ አይሰማም።”

“ቴሌቪዥን አባቴ! ቴሌቪዥን ለማየት ነው!”

“ምን አስጮኸህ? ቴሌቪዥን አይቼ የማላውቅ መሰለህ?” አሉ መምሬ። ከዚያ ግን መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው ከተቱት። “ይመር፣ እኔ ያላሰርኩትን አልፈታም። ግዝቱን ያሰረችው እናት ናት። ከአንጀቷ ያሰረችውን እኔ በውጭ ሆኜ ብቆርጠው አንጀቷ አብሮ ይቆረጣል። እሷ ትፍታው፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ እግዚአብሔር ይፍታ እላለሁ።”

አብረው ወረዱ። መንገዱን ሁሉ ይመር ሰንሰለቱን ለራሱ ይቆጥራል። መምሬ ያላሰርኩትን አልፈታም አሉ፣ ዘርፌ ግዝት አልጥስም አለች፣ ቁልፉ ከአንገቷ አልወርድም አለ፣ ሳንዱቁ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ስልኩ ከሳንዱቅ አልወጣም አለ፣ ቁጥሩ ያለ ስልኩ አልመጣም አለ፣ ቴሌቪዥኑ ልጅቷን አላሳይም አለ፤ ደብሪቱም፣ ደብሪቱም...

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ለእሷ አንድ በአንድ ቆጠረላት። ደብሪቱ በጣቷ እየተከተለች ሰማች፤ በመጨረሻም ጣቷ ራሷ ላይ ደረሰ።

“ለካ በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ” አለች።

“ፍቺው ደብርዬ።”

“አልችልም። ሳንዱቁ ከተከፈተ ልብሱ ይወጣል። ልብሱ ከወጣ ለድሃ ይሰጣል። ልብሱ ከተሰጠ፣ ይመር፣ ልጄ ምን ለብሶ ይመጣል?”

ዘርፌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይመር እጁን ጉልበቱ ላይ ሲያሽ ቆየ። እሱም ማታ ማታ የግቢውን በር ሳይቀረቅር ነው የሚተኛው፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

“ልጃችን አይመጣም” አለ በመጨረሻ። “ያቺ ልጅ ግን መጥታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን እንዳነሳች የእናቷ በር ላይ ቆማለች። ስንት ጊዜ ዝናብ እንደመታት አንቺ ታውቂያለሽ። የእኛ ካልመጣ ብለን እሷን ደጅ እናሳድራት?”

ደብሪቱ ግድግዳውን አየች። ስልኳን ከጆሮዋ አነሳችና ደረቷ ላይ አስቀመጠችው።

“ፈትቻለሁ” አለች።

ደብሪቱ ግዝቷን ፈታች፣ መምሬ እግዚአብሔር ይፍታ አሉ፣ ዘርፌ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ቁልፉ ከአንገቷ ወረደ፣ ሳንዱቁ ተከፈተ። የደምሌ ሹራብ ሽታ ቤቱን ሞላው። ስልኩ ከሳንዱቅ ወጣ። ዘርፌ ቻርጅ ላይ ሰካችው፣ መክፈቻውን ታውቀው ነበርና በጣቷ ከፈተችው።

ስልኩ ቁጥሩን ከማምጣቱ በፊት ሌላ ነገር አመጣ። ጠፍቶ ሳለ የደወሉለትን ሰዎች አንድ በአንድ ነገረ። እማ ደውላ ነበር። እማ ደውላ ነበር። እማ ደውላ ነበር። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አልጨርስ አለ። ይመር ያን ጊዜ ነው ደብሪቱ ከግድግዳው ጋር ምን ስታደርግ እንደቆየች የገባው። እግሯን በጋቢው ሸፈነላት።

ከዚያ ቁጥሩ በስልኩ መጣ። ቤት ሲጠብቅ የቆየው ኑርዬ ቁጥሩን አስገባ። ቴሌቪዥኑም ልጅቷን አሳየ።

ድራማው ከመጀመሪያው አልጀመረም። ናርሚን የእናቷ በር ላይ ቆማለች፤ እጇን አንስታለች። ደምሌ ያቆመበት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር።

“እዚሁ ላይ ነው ያቆመልኝ” አለች ደብሪቱ። “አብረን እናንኳኳለን ብሎኝ ነበር።” የቀጠነ እጇን ከጋቢው አወጣችና የአልጋውን እንጨት በጣቷ አንኳኳች። ያን ጊዜ ኑርዬ የሪሞቱን ቁልፍ ተጫነ።

ናርሚንም አንኳኳች። አንዲት ሽማግሌ በሩን ከፈተች። አየቻት። ልጄ አለቻት።

ደብሪቱ ጮኸች። ከቀብሩ ጀምሮ ያልወጣው ልቅሶ ወጣ፤ ደምሌን በስሙ ጠርታ አለቀሰች። ይመር መስኮቱን ልዝጋ ብሎ ተነሳ፤ የዘጋው መስኮት ዝግ ነበር። ሄዶ ከፈተው፤ ጎረቤት ይስማ ብሎ። ጎረቤቶችም ሰምተው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ፤ ስለ ቴሌቪዥኑ አንድም ሰው አንድም ቃል አልተናገረም። አብረዋት አለቀሱ።

ልቅሶው ሲበርድ ዘርፌ አጥሚቱን አመጣች። ደብሪቱ ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘችው፣ አየችው፣ ተጎነጨች።

የተረት ሰው መጨረሻ ላይ አፌን በዳቦ አብሱልኝ ይላል። የእኔ ይቅር፤ ደብሪቱ እህል ቀምሳለች።