አልከፈትም ያለው የዲስክ ምስል

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፣ ላም የለኝም። ያለኝ አንድ ግትር ኮምፒዩተር ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥሩወርቅና ስንዱ የሚባሉ እህትማማቾች ነበሩ። ታናሺቱን ስንዱን ስትሮክ መታትና አንደበቷ ተዘጋ። ከመታመሟ በፊት ለእህቷ ልጅ ያንጎራጎረችው እሹሩሩ ግን ተቀድቶ ቤት ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር። በየጠዋቱ ወደዚያ በጣቷ እያመለከተች ታለቅሳለች።

ጥሩወርቅ «ድምፅሽን አሰማሻለሁ» ብላ ኮምፒዩተሩን ብታበራው፣ «አሮጌው ዲስኬ ተቃጥሏል፣ አዲሱ ባዶ ነው፤ የዲስኬን ምስል ካልመለስሽልኝ አልነሳም» አለ። የዲስክ ምስል ማለት የኮምፒዩተሩ ሆድ ዕቃ አንድም ሳይቀር የተገለበጠበት ትልቅ ፋይል ነው። ጥሩወርቅ አምና በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጣው ነበር።

ወደ ምስሉ ሄደች። «ምስል ሆይ፣ ተከፈት! ኮምፒዩተሩ አልነሳም አለ፣ ስንዱም ድምፅዋን አልሰማችም።» ምስሉ «የሠራኝ ፕሮግራም ካልመጣ አልከፈትም» አለ።

የቱ ነው የሠራው? እዚህ ላይ እሷም ግራ ገባት፣ እኔም ግራ ገባኝ። አምና ምስሉን ልትሠራ ስትል ጎረቤቶቿን አማከረች። ጋሽ ፍሬሰንበት «ሰማያዊው ፕሮግራም ነጻ ነው» አሉ። እትዬ የውብዳር «አረንጓዴው ፈጣን ነው» አሉ። መምህር ቢተው «ቀዩ ጠቅጥቆ ያስቀምጣል፣ ቦታ አይፈጅም» አሉ። ሦስቱን ስታወዳድር ሰንብታ በየቱ እንደጨረሰች ረሳችው። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል፤ ሦስት መካሪ ያለው ደግሞ እንዲህ ይሆናል።

ወደ ሦስቱም ፕሮግራሞች ሄደች። «ተነሡ! ምስሉ አልከፈትም አለ፣ ኮምፒዩተሩ አልነሳም አለ፣ ስንዱም ድምፅዋን አልሰማችም።» ፕሮግራሞቹ «ባዶ ፍላሽ ላይ ካልተጫንን አንሠራም» አሉ።

በሰፈሩ ሰፊ ፍላሽ ያላቸው ጋሽ ፍሬሰንበት ብቻ ናቸው። ወደ ፍላሹ ሄደች። «ፍላሽ ሆይ፣ ባዶ ሁን! ፕሮግራሞቹ አንሠራም አሉ፣ ምስሉ አልከፈትም አለ፣ ኮምፒዩተሩ አልነሳም አለ፣ ስንዱም ድምፅዋን አልሰማችም።» ፍላሹ «የጋሽ ፍሬሰንበት የክራር ዜማ ሞልቶብኛል፤ እሳቸው ካላራገፉልኝ ባዶ አልሆንም» አለ።

ወደ ጋሽ ፍሬሰንበት ሄደች። እትዬ የውብዳርና መምህር ቢተውም እዚያው ተቀምጠው ይከራከራሉ። «ጋሼ፣ ዜማዎን ያራግፉልኝ! ፍላሹ ባዶ አልሆንም አለ፣ ፕሮግራሞቹ አንሠራም አሉ፣ ምስሉ አልከፈትም አለ፣ ኮምፒዩተሩ አልነሳም አለ...»

«እነዚህ ሁለቱ ሰማያዊው ይበልጣል ካላሉ አላራግፍም!» ብለው ጋሽ ፍሬሰንበት አቋረጧት።

«ሞተን ነው!» አሉ ሁለቱ።

እንደገና ጀመረች። «ፍላሹ አልነሳም አለ፣ አይ፣ ባዶ አልሆንም አለ፣ ምስሉ አንሠራም አሉ...» ተወሳሰበባት። እንባዋ መጣ። ከየት እንደምትጀምር ጠፍቷት ከመጨረሻው ጀመረች። «ስንዱ ድምፅዋን አልሰማችም፣ ኮምፒዩተሩ አልነሳም ብሎ፣ ምስሉ አልከፈትም ብሎ...»

«ቆይ!» አሉ ጋሽ ፍሬሰንበት። «የስንዱ ድምፅ ነው እንዴ ያለበት? እኔ እኮ የመብራት ደረሰኝ መስሎኝ! ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ!»

ክርክሩ ቀረ። ጋሽ ፍሬሰንበት ዜማቸውን ወደ ስልካቸው አራገፉ፣ ፍላሹ ባዶ ሆነ፣ ፕሮግራሞቹ ተጫኑ። ሰማያዊው «የእኔ ሥራ አይደለም» አለ፣ አረንጓዴው «የእኔም አይደለም» አለ፣ ቀዩ ምስሉን ከፈተው፣ ምስሉ ተመለሰ፣ ኮምፒዩተሩ ተነሳ። መምህር ቢተው «አላልኳችሁም?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና እሹሩሩው ሲጀምር መልሰው ዘጉት።

ስንዱ ጆሮዋን አስጠጋች። ድምፅዋ ከኮምፒዩተሩ ሲወጣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ለካ የጠፋባት ንግግር እንጂ ዜማ አልነበረም! ቃሉን አንድ በአንድ እየተከተለች፣ አንዱንም ሳትስት፣ ከራሷ ጋር አብራ አንጎራጎረች። ጥሩወርቅ አቅፋት አለቀሰች፤ እኔም ስነግራችሁ ሆዴ ይባባል።

ተረቴን መልሱ፤ ቅጂውን ግን አስቀሩ።