ደሴት ክርስትና ያነሳው አዛዥ

በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ ሦስት ውቅያኖስ አቋርጫለሁ የሚል ሮድሪክ የተባለ የፈረንጅ መርከብ አዛዥ ጣና ሐይቅ ወረደ አሉ። ያ ሁሉ ውቅያኖስ ያልነቀነቀው ሰውዬ የደንገል ታንኳ ላይ ሲሳፈር ግን እስኪወርድ ድረስ ሲያስመልሰው ዋለ። አንድ ትንሽ ደሴት ላይ እንደ ወረደ ባንዲራውን ተከለ፤ ከጠርሙሱ ወይን ጠጅ ድንጋይ ላይ አፈሰሰና ደሴቱን በራሱ ስም ጠራው። ከዚያ በፊትም በየባሕሩ በዚሁ ዘዴ አርባ ደሴት ይዟል።

እዚያው ደሴት ላይ አንዲት እናት፣ ትናንት ክርስትና የተነሳ ልጇን አዝላ ጌሾዋን ትለቅማለች። አዛዡ ከቤተ መንግሥት የተሰጡትን አጃቢዎች ከኋላው አሰልፎ፣ በአስተርጓሚ፣ «ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የእኔ ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ቤትሽን ልቀቂ» አላት።

ሴትዮዋ የረጠበውን ድንጋይ አየች፤ ባንዲራውን አየች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«እንኳን ደስ ያለዎ፣ ጌታዬ። አፍስሰው ስም ካወጡለትማ ክርስትና አነሱት ማለት ነው። በእኛ አገር ደግሞ የክርስትና አባት ልብስ ይዞ ይመጣል፤ በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆ፣ ልጁን ለእናቱ ትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናትየዋን ከቤት ያስወጣ እስካሁን አልሰማንም። የትናንቱ ጠላ አላለቀም፣ ይግቡ።»

አስተርጓሚው ይህን ተርጉሞ ሳይጨርስ አጃቢዎቹ ነፍጣቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቀድመው ገቡ። አዛዡ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ሴትዮዋ ከበሩ ላይ ዞር ብላ ባንዲራውን በአገጯ አመለከተች።

«ይዘውለት የመጡት ልብስ ያ ከሆነ ግን» አለች፣ «ልጁ ትልቅ ነው፤ ለመታጠቂያም አይበቃው።»