ጭረት ያልነካት ጀልባ

ስንሻው የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ላፕቶፖች መጡለትና እንቅልፍ አጣ። ልጅ ሳለ ያስተማሩትን አዛውንቱን መምህር ይትባረክን ሊያማክር ሄደ።

«ጋሼ፣ ንብረቱ የተመዘገበው በእኔ ስም ነው። ልጆቹ ቢሰብሩት፣ ቢሰረቅ፣ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ፈተናው ደግሞ ዘንድሮ በኮምፒውተር ነው ብለውናል። እስከዚያ መጋዘን ውስጥ ቆልፌ ባቆየው አይሻልም?» አላቸው።

መምህሩም እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም ነው፣ ፈሪም ነው። መንደሩ ከወንዝ ዳር፣ ሜዳ ላይ ነበረች። ሰዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ውሃ የሚያውቁት በእንስራ ነው። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሦስት ቤት ይዞ ሄደ። ሀብታሙ በጣም ደነገጠና ሩቅ ካለ ሐይቅ ድረስ ተጉዞ ትልቅ የእንጨት ጀልባ ገዛ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን እወቅልኝ። ለመንደሩ ብሎ ነው የገዛት።

የሸጠለት ጀልበኛ፣ «በበጋ ወንዙ ሲረጋ ልጆቹ ይቅዘፉባት፤ መቅዘፍ እጅ ካልለመደው አይሆንም» ብሎ መከረው። ሀብታሙ ግን ጀልባዋን ግቢው ውስጥ አስቀመጠ፣ ዳስ ጣለላት፣ በሰንሰለት አሰራት። ቄሱ መጥተው ጠበል ረጩባት። ከዚያ ጠበል በቀር ውሃ አልነካትም።

ወጣቶቹ በየበጋው እየመጡ ለመኑት። ሴት ልጁም፣ «አባባ፣ አንድ ቀን ብቻ እንሞክራት» አለችው።

«ድንጋይ ቢፍቃትስ? መቅዘፊያው ቢሰበርስ? ለክፉ ቀን የተቀመጠች ናት። ዛሬ ክፉ ቀን ነው ወይ?» ይላቸዋል። ከዚያ አቧራዋን በጨርቅ ይጠርጋል። ሰው ይስቅበት ነበር እንጂ የተቆጣው የለም፤ ጀልባ አለችን ብሎ ሁሉም ተማምኖ ነበርና። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ መተማመናቸው ነው።

በአራተኛው ክረምት ጎርፉ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነበር። ውሃው መንደሩን ከየአቅጣጫው ከበባት። ትልልቆቹ ዋርካው ላይ ወጡ፤ ሀብታሙ ሰንሰለቱን ፈታና ልጆቹን ጀልባዋ ላይ ጫነ፣ የራሱንም ልጅ። ለሁለት ጎረምሶች መቅዘፊያ ሰጣቸው። እንደ አካፋ ያዙት። አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይገፋል። ጀልባዋ ባለችበት ዞረች፣ ደግማ ዞረች፣ ከዚያ ወንዙ ወሰዳት። ሀብታሙ ዋርካው ላይ ወጥቶ «በግራ! በግራ!» እያለ ይጮኻል፤ እሱም ቀዝፎ አያውቅም። ልጁ «አባባ፣ እንዴት ነው የሚያዘው?» ስትል ሰማት። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማም።

ጀልባዋን በሦስተኛው ቀን ታች ቆላ፣ አሸዋ ላይ አገኟት። ባዶዋን ነበረች። ሀብታሙ ዙሪያዋን በእጁ ዳበሳት። አንድ ጭረት አልነበረባትም።

መምህሩ ወደ ስንሻው ዞሩ። «አየህ ልጄ፣ ሀብታሙ አንተ ነህ፤ አትቀየመኝ። ጀልባዋ መጋዘንህ ያሉት ላፕቶፖች ናቸው፤ ጎርፉም ፈተናው ነው። ልጆቹ ትምህርቱን አያውቁም አልልህም። ነገር ግን ሰዓቱ እየሮጠ የትኛውን ፊደል የት እንደሚጫኑ ሲፈልጉ፣ አንተም በር ላይ ቆመህ ስታይ ይታየኛል።»

«ቢሰብሩትስ ጋሼ?» አለ ስንሻው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይሰብሩታ! ዛሬውኑ አውጥተህ ስጣቸው፣ ይነካኩት። ይሰበራል፣ አንተም ትጠየቃለህ፤ አያስፈራም አልልህም። ለተሰበረ ማሽን አለቃህ ይቀጣሃል፣ ቅጣቱም ያልቃል። የወደቀች ልጅ እናት እያለቀሰች ቢሮህ ስትገባ ግን ምን ልትላት ነው? ዕቃው ሁሉ ደህና ነው ልትላት ነው?»