ሳያድር የሄደው ለኪ

የሰርጥ ሜዳ ሰዎች የቸኮለ ሰው ባዩ ቁጥር የሚተርቷት አንዲት ተረት አለቻቸው። ዛሬ ማንም እየተነሣ ይላታል፤ ከምን እንደመጣች የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከነሱም አንዱ ራሱ ባለጉዳዩ፣ ሸዋንግዛው ነው።

ያኔ ሸዋንግዛው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የእርሻ ባለሙያ ነበር። አቤት፣ ጉልበቱስ! አሥራ ሁለት ሴቶች ተደራጅተው፣ በላሞቻቸው ግጦሽ ሜዳ ላይ የላስቲክ ቤት ሠርተው ቲማቲም ሊያለሙ ቆርጠው ነበር። አየሩ ይስማማ እንደሆነ የሚለካላቸው እሱ ነው። በጥቅምት አንድ ቀን ቀትር ላይ ደረሰ፣ የሙቀት መለኪያውን ሰቀለ፣ ሃያ አራት ዲግሪ ብሎ ጻፈ።

«ግሩም ቦታ ነው!» አለ።

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ጎሹ ጠጋ አሉት። «እደር ልጄ። ማለዳ አብረን ወርደን ሜዳውን እናየዋለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ መኪና ያመልጠኛል።»

«የዛሬን ብቻ!»

«ሌላ ጊዜ ይሁን።»

እንግዳን እደር ማለት ወግ ነው፤ እንግዳም እምቢ ማለቱ ወግ ነው። ሸዋንግዛው የተለመደው ግብዣ መሰለው። እንግዳን ፊት ለፊት «አላወቅክም» ማለት ደግሞ ለሽማግሌው ነውር ነው፤ መርቀው ሸኙት።

የላስቲክ ቤቱ ቆመ፣ ቲማቲሙም ጉልበት ድረስ አደገ። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ሸዋንግዛው ተጠርቶ ሲደርስ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቷል፤ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ቲማቲም ሁሉ እሳት እንደነካው ጠቁሯል። የሴቶቹ ሰብሳቢ ብርቄ አንዱን ግንድ ይዛ ተቀምጣለች።

«ላሜን ሸጬ ነበርኮ» አለችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ምነው ሳትነግሩኝ?» አለ ወደ ሽማግሌው ዞሮ።

«እደር አልኩህ እኮ! ቁሩ ከተራራው ወርዶ የሚተኛው እዚህ ነው። አባቶቻችን ባቄላ እንኳ ያልዘሩበት ለዚሁ ነው።»

ያን ዕለት አደረ፤ በማግስቱም ከሴቶቹ ጋር ዳገቱን ወጥቶ ውርጭ የማይደርስበትን ቦታ መረጠ። በዓመቱ ቲማቲሙ ያዘ። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ከተማ ውስጥ ሲኖር፣ ከዞረባቸው አገሮች ሁሉ የሚናፍቀው ያንን ምሽት ነው። አያ ጎሹ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንደ ልጃቸው እግሩን አጥበው፣ ምድጃ ዳር አስቀምጠው፣ አንገቱን እንደደፋ ቢያዩት ሳቅ ብለው እንዲህ አሉት፦ «አይዞህ ልጄ፣ በቀትር የለኩት ሜዳ፣ ሲነጋ ይሆናል ዕዳ።»