ከዋርካው ሥር የነበረው ሰልፍ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ የላም በረት በሉኝና ስሙ።

በአንድ አገር መልእክት ሁሉ የሚያልፈው በቁራ አፍ ነበር። አንድ ቀን ጃርት ሰደድ እሳት ወደ ጉድጓዷ ሲመጣ አየች። ጎረቤቷ ኤሊ ዘገምተኛ ናትና ቀድሞ ሊነገራት ይገባል። ጃርት ያለ ቁራ ነገር ይደርሳል ብላ አስባ አታውቅም። በኤሊ ደጅ አልፋ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የቁራ ዋርካ ሮጠችና ከሰልፉ ጭራ ቆመች። ከፊቷ ካሉት አንዷ ጦጣ፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ፣ ቁራን «ለባሌ እንዴት አደርክ በልልኝ» ትላለች።

«አያ ቁራ፣ ለኤሊ እሳት መጣብሽ በልልኝ» አለች ጃርት።

«ተራሽን ጠብቂ እመት ጃርት፤ ድምፄም ክንፌም አልቋል» አላት ቁራ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ተራዋ ደርሶ ቁራ እየተጎተተ ሲበር እሳቱ ቀድሞት ነበር።

ጃርት ስትመለስ ኤሊን ድንጋይ ሥር ተጠግታ አገኘቻት። ቅርፊቷ ጠቁሯል፤ አንድ እግሯ አይረግጥም።

«ጠዋት በደጄ ስትሮጪ ኮቴሽን ሰምቼ ነበር» አለቻት ኤሊ። «ወዴት ነበር እንደዚያ?»

«ለአንቺ በቁራ ላስነግር» አለች ጃርት፣ መሬት መሬት እያየች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ራሳችሁ ለኤሊ አድርሱ።