ፍየሏ፣ ሚኒስትሯና የአንደኛ ክፍል በር

ጆሯችሁን አውሱኝና የአንዲት በር ተረት ላጫውታችሁ። በሯ ገና አልተሠራችም፤ ተረቱም የሚረዝመው ለዚሁ ነው።

በአንዲት ትንሽ አገር፣ ከዋና ከተማዋ ዳር፣ ሸንበቆ ሜዳ የሚባል ትምህርት ቤት ነበረ። ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ የሚውለበለብ ባንዲራም አለው። አንደኛ ክፍል ግን በር የለውም። የበሩ ቦታ አለ፣ በሩ ነው የሌለው።

አንድ ቀን የትምህርት ሚኒስትሯ ወይዘሮ ደብሪቱ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። «የትምህርት ደጃፍ ለሁሉም ክፍት ነው!» ብለው ያማረ ንግግር አደረጉ፣ ንግግሩም በሬዲዮ ተላለፈ፣ ተጨበጨበ። በመጨረሻ «ልጆች፣ ጥያቄ ያለው?» ቢሉ፣ ጥያቄ አጥንቶ የተዘጋጀው ልጅ ከመነሳቱ በፊት ስንዱ የምትባል የአንደኛ ክፍል ተማሪ ተነሳች።

«እኔ በር ነው የምፈልገው።»

«የምን በር፣ የኔ ልጅ?»

«የክፍላችን። ፍየል እየገባች ደብተሬን በላችብኝ። ከሀ እስከ ፐ ጽፌበት ነበር። አሁን የቀረኝ ይሄ አንድ ደብተር ብቻ ነው። ይሄንንም ካስበላሽ ቤት ትቀመጫለሽ ብሎኛል አባባ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ስንዱ ጎንበስ አሉ። «ክረምት ሳይገባ በርሽ ይገጠማል» አሉ፣ ያውም በሕዝብ ፊት። እሳቸው ደግሞ «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባሉ ያደጉ ሴት ናቸው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ለክረምት ዕረፍት በሚዘጋበት ቀን፣ ገና በማለዳው፣ መጀመሪያ ወደ መንግሥት አናጺ ሄዱ።

አናጺው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። «እንጨቱ አለ፣ ሚስማሩ አለ፣ እጄም አለ። ግን ክብርት ሚኒስትር፣ ምክር ቤቱ ሳያጸድቅ አልሠራም።» እውነቱን ነው። ቀደም ሲል አንድ ሹም የመንግሥት በር እየነቀለ የራሱን ቪላ ስላሳመረ፣ በዚያች አገር የመንግሥት ቤት በር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይነቀልም፣ አይገጠምም። «የትምህርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጉዳዩን ለምክር ቤቱ ይናገር፤ ያን ጊዜ መጋዜን አነሳለሁ» አለ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ሰብሳቢው ሮጡ። «ሰብሳቢ ሆይ፣ ተናገሩልኝ! ሰብሳቢ ካልተናገረ አናጺ አይሠራም፤ አናጺ ካልሠራ በር የለም፤ በር ከሌለ ደብተር የለም፤ ደብተር ከሌለ ስንዱ ቤት ትቀራለች!»

ሰብሳቢው ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አፉንም ከፈተ፤ ከዚያ መልሶ ዘጋው። «ንግግሬ ዝግጁ ነው፣ ክብርት ሚኒስትር። እንዲያውም መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። ግን አፈ ጉባኤው መዶሻውን ሳይመታ መናገር ነውር ነው።»

ወደ አፈ ጉባኤው ሮጡ። «አፈ ጉባኤ ሆይ፣ መዶሻውን ይምቱልኝ! መዶሻ ካልተመታ ሰብሳቢ አይናገርም፤ ሰብሳቢ ካልተናገረ አናጺ አይሠራም፤ አናጺ ካልሠራ በር የለም፤ በር ከሌለ ደብተር የለም፤ ደብተር ከሌለ ስንዱ ቤት ትቀራለች!»

አፈ ጉባኤው በሰፊው አዳራሽ ብቻቸውን ተቀምጠው መዶሻቸውን በመሀረብ እየወለወሉ ነበር። «ለማን ልምታው?» አሉ፣ ባዶ ወንበሮቹን እያሳዩ። «እንደራሴዎቹ የት አሉ? ለባዶ ወንበር መዶሻ የሚመታ አፈ ጉባኤ አናጺ ነው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ እንደራሴዎቹ ወዳረፉበት የእንግዳ ማረፊያ ገሰገሱ። ሁሉም ከረባታቸውን አስረው በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። «እንደራሴዎች ሆይ፣ ኑልኝ! እንደራሴ ካልመጣ መዶሻ አይመታም፤ መዶሻ ካልተመታ ሰብሳቢ አይናገርም፤ ሰብሳቢ ካልተናገረ አናጺ አይሠራም፤ አናጺ ካልሠራ በር የለም፤ በር ከሌለ ደብተር የለም፤ ደብተር ከሌለ ስንዱ ቤት ትቀራለች!»

እንደራሴዎቹ አዘኑ፣ ከንፈራቸውንም መጠጡ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ተነስተው፣ «ክብርት ሚኒስትር፣ እኛ ለትምህርት ሕይወታችንን እንሰጣለን» አሉ። ከዚያ የሰኔውን ጭቃ ተመለከቱ፣ የተወለወለ ጫማቸውንም ተመለከቱ። «ጫማችንን ግን... አውቶቡሱ ይምጣና እንሄዳለን።»

አውቶቡሱ ከግቢው ጥግ ቆሟል። ሹፌሩ ጋሽ ባልቻ መሪው ላይ ተደፍቶ ይተክዛል። «ጋሽ ባልቻ፣ ንዳልኝ! ሹፌር ካልነዳ እንደራሴ አይመጣም፤ እንደራሴ ካልመጣ መዶሻ አይመታም፤ መዶሻ ካልተመታ ሰብሳቢ አይናገርም፤ ሰብሳቢ ካልተናገረ አናጺ አይሠራም፤ አናጺ ካልሠራ በር የለም፤ በር ከሌለ ደብተር የለም፤ ደብተር ከሌለ ስንዱ ቤት ትቀራለች!»

«ቁልፉ ይኸው፣ ነዳጁም ሙሉ ነው» አለ ጋሽ ባልቻ። «ግን እማዬ ሳትመርቀኝ መሪ አልጨብጥም። አንዴ ዘልያት ብወጣ ከነአውቶቡሱ ቦይ ውስጥ አደርኩ። እንደራሴ ጭኜማ እንዴት ልዳፈር?»

«ታዲያ ዛሬ ለምን አልመረቁህም?»

«አኩርፋለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እስቲ እርስዎ ይለምኑልኝ።»

የእናቱ የእማማ ሽብሬ ቤት የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከሸንበቆ ሜዳ ትምህርት ቤት አጥር ጎን! ወይዘሮ ደብሪቱ ጭቃውን እየረገጡ ደረሱ፤ የእሳቸው ጫማ እንደሆነ ከጠዋቱ ጀምሮ ጫማነቱ ቀርቷል።

«እማማ ሽብሬ፣ እንደምን አሉ?»

«ምን አለሁ ትያለሽ ልጄ፣ ከሞቱት በላይ።»

«እባክዎ ልጅዎን ይመርቁት! እናት ካልመረቁ ሹፌር አይነዳም፤ ሹፌር ካልነዳ እንደራሴ አይመጣም፤ እንደራሴ ካልመጣ መዶሻ አይመታም፤ መዶሻ ካልተመታ ሰብሳቢ አይናገርም፤ ሰብሳቢ ካልተናገረ አናጺ አይሠራም፤ አናጺ ካልሠራ በር የለም፤ በር ከሌለ ደብተር የለም፤ ደብተር ከሌለ ስንዱ ቤት ትቀራለች!»

እማማ ሽብሬ ቀስ ብለው ዞሩ። «ውይ፣ በሞትኩት! ግን ምርቃት ከሆድ ነው የሚወጣው፣ ልጄ። ፍየሌ ቀበጤ ጠፍታብኝ ሆዴ አርሯል። ባረረ ሆድ ብመርቀው እርግማን ይሆንበታል። ቀበጤን አምጪልኝና እንኳን ልጄን፣ ጎማውንም በየተራ እመርቅልሻለሁ።»

ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይኼኔ ነው። የአገር ትምህርት የሚመራ ሰው በመጨረሻው የምክር ቤት ቀን ፍየል ፍለጋ ወጣ። ደግነቱ ፍለጋው አልራቀም፤ ከአጥሩ ማዶ የልጆች ጩኸት ተሰማና ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ አንደኛ ክፍል ዘለቁ።

ቀበጤ ውስጥ ነበረች። ልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥተዋል፣ መምህርቷ መጥረጊያ ይዛለች፣ ስንዱ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጥግ ይዛለች። ፍየሏ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሚኒስቴሩን የአሥር ዓመት ዕቅድ እየበላች አራተኛው ዓመት ላይ ደርሳለች። ዓይኗ የስንዱ ደብተር ላይ ነው።

«ቀበጤ ሆይ፣ ውጪልኝ!» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ ትንፋሽ እያጠራቸው። «ፍየል ካልወጣች እናት አይመርቁም፤ እናት ካልመረቁ ሹፌር አይነዳም፤ ሹፌር ካልነዳ እንደራሴ አይመጣም፤ እንደራሴ ካልመጣ መዶሻ አይመታም፤ መዶሻ ካልተመታ ሰብሳቢ አይናገርም፤ ሰብሳቢ ካልተናገረ አናጺ አይሠራም፤ አናጺ ካልሠራ በር የለም፤ በር ከሌለ ደብተር የለም፤ ደብተር ከሌለ ስንዱ ቤት ትቀራለች!»

ቀበጤ አራተኛውን ዓመት ዋጥ አደረገች። «ክብርት ሚኒስትር፣ ደጃፉ ለሁሉም ክፍት ነው ሲሉ በእማማ ሽብሬ ሬዲዮ ሰምቻለሁ። ብመጣ እውነትም ክፍት ነው። እኔ ደግሞ ሕግ አከብራለሁ። በር ያለው ቤት የሰው ነው፣ አልደርስበትም። በር የሌለው ቤት ግን የማንም ነው። በር ካልተገጠመ አልወጣም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ በትንሿ አግዳሚ ጫፍ ላይ ዝርፍጥ አሉ። ፍየል ካልወጣች በር የለም፤ በር ከሌለ ፍየል አትወጣም! ለካ የጠዋቱ ሩጫ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ደጃፍ ላይ ነው የጣላቸው። ሳቅም እንባም እኩል መጣባቸው። ወደ ስንዱ ሲያዩ ግን ልጅቷ አላለቀሰችም። ደብተሯን እንዳቀፈች ታያቸዋለች፤ ቃል የሰጡኝ እርስዎ ነዎት እንደማለት። ያ እይታ ከምክር ቤት ጥያቄ ሁሉ በለጠባቸው።

ተነሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ሄደው ደጃፉ ላይ ቆሙና እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው መቃኖቹን ያዙ።

«በሩ ይኸው» አሉ።

ቀበጤ መጥታ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ይከፈታል?»

ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ እጃቸውን አንስተው ጎን ዞር አሉ። «ይከፈታል።»

ቀበጤ በክፍተቱ ወጣች። «ይዘጋልስ?»

«ይዘጋል!» ብለው መቃኑን መልሰው ያዙ። ቀበጤ ወደ ኋላ ርቃ ተንደረደረችና በቀንዷ ገጨቻቸው። በሩ «ዋይ!» አለ እንጂ አልተነቃነቀም። «መልካም በር ነው» ብላ እያጉረመረመች ወደ እማማ ሽብሬ ግቢ ገባች። ሆኖም ዓይኗን ከደጃፉ አልነቀለችም፤ በሩ ይደክመው ይሆናል ብላ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች።

ከዚህ በኋላ ማን ይያዘው! ፍየል ስትገባ እናት እልል አሉ፤ እናት ሲመርቁ ሹፌር ነዳ፤ ሹፌር ሲነዳ እንደራሴ መጣ፤ አፈ ጉባኤውም መዶሻውን ወደ ላይ አነሱ። አንስተውም ቀሩ። የሚኒስትሯ ወንበር ባዶ ነው።

«ሚኒስትሯ የት አሉ? ጉዳዩን ማን ያስረዳል?»

ጋሽ ባልቻ ከኋላ እጁን አወጣ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ በር ሆነዋል። ከቦታቸው ከተነሱ ፍየሏ ትገባለች።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ዛሬ ካልተወሰነ እስከ መስከረም መጠበቅ ነው፤ ሰው ደግሞ እስከ መስከረም በር ሆኖ አይከርምም። አፈ ጉባኤው መዶሻውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱና «እንግዲያው ምክር ቤቱ ይሄዳል!» አሉ። ሁሉም አውቶቡሱ ላይ ወጡ፤ አናጺውንም ከነመጋዙ ከመንገድ ጫኑት። አውቶቡሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጭቃ ያዘውና እንደራሴዎቹ በዚያ በተወለወለ ጫማቸው ወርደው ገፉት።

አፈ ጉባኤው ጠረጴዛ ቢያጡ ለደወል የተሰቀለውን አሮጌ የመኪና ቸርኬ በመዶሻቸው መቱት፤ ጓ! መዶሻ ሲመታ ሰብሳቢው ተናገረ። መስታወት ፊት የተለማመደውን ሁሉ ሊያወርደው ነበር፣ ግን ደጃፉ ላይ እጃቸውን እንደዘረጉ የቆሙትን ሴት አየና «በር ይሠራ» ብሎ ተቀመጠ። ከንግግሮቹ ሁሉ ያማረው ይኸው ነው።

«የምትደግፉ?»

እንደራሴዎቹ እጃቸውን አወጡ። አንደኛ ክፍልም ከነአግዳሚው እጁን አወጣ።

«የምትቃወሙ?»

ከአጥሩ ማዶ «ምእእእ!» ተባለ።

«አንድ ተቃውሞ፤ ይመዝገብ» አሉ አፈ ጉባኤው። «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል!» ጓ!

አናጺው መለኪያውን ይዞ ቀረበ። «ክብርት ሚኒስትር፣ እስቲ ትንሽ ቀና ይበሉ፣ በእርስዎ ልለካው።» እሳቸው ቀና አሉ፣ እሱ ለካ፣ ቆረጠ፣ መታ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ በሩን ተካ። ወይዘሮ ደብሪቱ የደነዘዘ ክንዳቸውን እያሹ ቤታቸው ገቡ፤ ክንዳቸው ቢያማቸውም ልባቸው ግን ቀሎት ነበር።

በማግስቱ ስንዱን እንኳን ደስ አለሽ ሊሉ ተመለሱ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እያስቆመ ሲያመሰግናቸው ረፈደባቸው። በሩ ተዘግቷል። አንኳኩ።

«ማነው?» የስንዱ ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ፣ ሚኒስትሯ።»

«ትምህርት ተጀምሯል። ቲቸር ያረፈደ አይገባም ብላለች።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ማዕረጋቸውን ሊደግሙት አሰቡና ተዉት። ከውስጥ የልጆቹ ሀ ሁ ሂ ይሰማል። ወደ ጎን ቢያዩ ቀበጤ ቆማለች።

«አንቺንም ከለከለችሽ?»

«ከጠዋት ጀምሮ» አለች ቀበጤ በኩርፊያ።

የደጃፉ ድንጋይ ላይ ከፍየሏ ጎን ተቀምጠው እስኪያለቅሱ ሳቁ። በሕይወታቸው ብዙ በር ተዘግቶባቸዋል፤ እንዲህ ደስ ያላቸው ግን በዚህኛው ብቻ ነው። ፍየል ውጪ ናት፣ ሚኒስትር ውጪ ናቸው፤ ደብተር ውስጥ ነው፣ ስንዱም ውስጥ ናት።

ተረቴ ይኸው ነው። ስትወጡ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት፤ ልጆቹ እየተማሩ ነው።