አፈር ተሸክሞ የሄደው ሰው

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መሪጌታ ይትባረክ፣ ጓንጉል ጥያቄውን ሲጨርስ።

ጓንጉል የእህል ነጋዴ ነው። የጠየቀውም ይህን ነበር፦ «የኔታ፣ የፍርድ ቀን እንዳለ አምናለሁ። ግን ገና ጉልበት አለኝ። ንስሐውንም ቁርባኑንም ለእርጅና ባቆየው ምን ይጎዳል? እግዚአብሔር መሐሪ አይደለም እንዴ?»

«መሐሪ ነው። ገበሬውም እንዳንተ ያምን ነበር» ብለው መሪጌታ ቀጠሉ።

ገበሬው ጾም አይሽርም፤ በዓል አያጓድልም። የእርሻ ጎረቤቱ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በሁለቱ እርሻ መካከል ከወንዙ ዳር እስከ አንድ ትልቅ ዋርካ የሚደርስ፣ ሣር የበቀለበት ጠባብ ወሰን ነበረ። ገበሬው በሬዎቹን ሲያዞር ማረሻው ወሰኑን ትንሽ ይነካል፤ በዓመቱም ደግሞ ትንሽ። ሣር ጠበኛ አይደለም፤ ሲገፉት ዝም ብሎ ይሄዳል። ሴትዮዋ ልብ ስትል ወሰኑ ከእርሻዋ መሐል ደርሷል። ለሽማግሌዎች ከሰሰች።

በዚያ አገር ድንበር ሲያከራክር አንድ ደንብ አለ። የሚምለው ሰው ከመሬቱ አፈር ዘግኖ በነጠላ ይቋጥርና በትከሻው ይሸከማል። «ብዋሽ ይህ አፈር በፍርድ ቀን ይመስክርብኝ» ብሎ፣ ድንበሩ ይህ ነው በሚለው መስመር ላይ በእግሩ ይሄዳል። የሄደበት ድንበር ይሆናል። ያን ሊሽር የሚችለው ያው ሰው ራሱ ነው፤ እሱም እንደገና አፈር ተሸክሞ በሌላ መስመር ከሄደ ብቻ።

ገበሬው አፈሩን ተሸከመና በገፋው ወሰን ላይ ሄደ። ያኔ ትንንሽ የነበሩት ልጆቹ እየዘለሉ ተከተሉት። ሴትዮዋ ከዳር ቆማ «ቀስ በል እንጂ አያ፤ የሚያባርርህ አለ እንዴ?» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ፍርድን የማይፈራ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ይፈራ ነበር። ስለዚህ «ከመሞቴ በፊት እመልስላታለሁ» ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ቃሉም በጣም አጽናናው፤ ከመጽናናቱ የተነሣ በዚያ መሬት ላይ ጤፍ ዘራ፣ በዓመቱም ዘራ፣ ልጆቹንም ከዚያው እየቆረሰ ጎጆ አወጣቸው።

አርጅቶ አልጋ ላይ ሲወድቅም ቃሉን አልረሳም። የነፍስ አባቱን አስጠርቶ ተናዘዘ። ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። ቀጥለውም «መሬቱንስ?» አሉት።

ልጆቹን ጠራና «እስከ ዋርካው ድረስ ያለው የሴትዮዋ ነው፤ መልሱላት» አላቸው።

ልጆቹ ተያዩ። «አባዬ፣ ትኩሳቱ ነው፤ ተኛ» አለው ትልቁ።

«ትኩሳት አይደለም። ያኔ የማልሁት በሐሰት ነው።»

«እንዴት በሐሰት? እኛ ከኋላህ አልነበርንም እንዴ? አፈሩን ተሸክመህ ስትሄድ በዓይናችን አይተናል። አንተ በሐሰት የምትምል ሰው ነህ? ማነው እንዲህ ብለህ ተናገር ያለህ?»

ልጁ ይህን ያለው አባቱን ስለሚያከብር ነው። ገበሬው «ሽማግሌዎቹን ጥሩልኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። እነሱም «በአልጋ ላይ የተነገረ ድንበር አናውቅም፤ ይሂድበት» አሉ።

ገበሬው ተነሣ። ጥቂት አፈር ቋጥረው በትከሻው ላይ አደረጉለት፤ ጎበጠ። ከወንዙ ዳር ጀምሮ በእውነተኛው ድንበር ላይ ይሄድ ጀመር። ሴትዮዋም አርጅታ ነበርና በምርኩዟ እየተደገፈች ከጎኑ ሄደች። «በርታ አያ፣ በርታ! ዋርካው ያውልህ!» ትለዋለች። በሕይወቷ ያን ሰው እንዲህ ወዳው አታውቅም። ቆመ፤ ተራመደ፤ ተንበረከከ፤ ጥቂት ዳኸ። መንገዱ ሲጋመስ በግንባሩ ተደፋ። ቋጠሮው ተፈታ፤ አፈሩም ፈሰሰ። ሰውየው አልተነሣም።

ሽማግሌዎቹ በወደቀበት ቦታ ላይ ድንጋይ ተከሉ። እስከዚያ ድረስ ያለው ለሴትዮዋ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ የቀድሞው መሐላ ጸና። ሴትዮዋ ቀና ብላ ልጆቹን አየቻቸው። ትልቁ እንባው እየወረደ «አባታችን የሄደው እስከዚህ ነው» አላት።

መሪጌታ ወደ ጓንጉል ዞሩ።

«ሰውየው ዳነ ወይስ ተኮነነ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ያን የሚያውቀው ፈራጁ ነው፤ ምሕረቱም ከእኔ ግምት ይሰፋል። አንተ ግን ኃጢአትህ እንደ እህልህ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ እርጅናህን የሚጠብቅ መስሎሃል። አይጠብቅህም። አንተ ቀጠሮ ስትሰጠው እሱ ይወልዳል፤ የተናዘዝህ ቀን ልጆቹ በር ላይ ቆመው ‹ይቃዣል› ይሉሃል። እግዚአብሔር የሰውየውን ንስሐ ሰምቶ ይሆናል። ሴትዮዋ ግን የበላችው ከግማሽ እርሻ ነው፤ በፍርድ ቀን እሷም ትጠየቃለች፣ ምን እንደጎደለባት።»

ጓንጉል ወደ ወንዙ አሻግሮ ተመለከተ።

«የበደልከው ሰው አለ?» አሉት መሪጌታ።

«አለ፣ የኔታ።»

«ቤቱ ሩቅ ነው?»

«ከወንዙ ማዶ ነው።»

«ታዲያ ምን ትቀመጣለህ? እግርህ ደኅና ነው፤ ፀሐይዋም አልጠለቀችም።»